ከጦሳ ሥር እስከ ጨፋ ሜዳ፦ የጥቢ ጉዞ በወሎ

በአውሮፓ መጸው ሲባል ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፍበት፣ ሰማዩ የሚዳምንበትና ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ የሚሰበሰብበት ወቅት ነው። በአገራችን ደጋማ ክፍሎች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በዝናብና በጉም ተከርችሞ የከረመው ቤተሰብ ወደ ደጅ የሚወጣው በመጸው ነው። ጭቃው ይጠጥራል፤ ደፍርሶ የከረመው ወንዝ ይጠራል፤ ጋራው የአደይ አበባ ለብሶ ቢጫ ይሆናል፤ የእሸት ሽታ ከየጓሮው ይመጣል።

በቀን መቁጠሪያችን መጸው መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን ይወጣል። የወሎ ገበሬ ግን «ጥቢ ገባ» ለማለት ቀን አይቆጥርም። የማለዳው ጤዛ ሲበረታ፣ የባቄላው እሸት ሲደርስና ነጎድጓዱ ከሩቅ ብቻ ሲሰማ ጥቢ መግባቱን ያውቃል።

ውድ አንባቢያን! የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ረመዷንም ሆነ ዒዱ በአንድ ወቅት ረግተው አይቀመጡም፤ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራሉ። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ረመዷን በጥቅምት ወር ገብቶ ነበር፤ ዞሮ ጥቅምት ላይ የሚመለሰው ደግሞ በ2029 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ ጥቢ የራሴ የሚለው ዒድ የለውም። ሆኖም ከቤተሰብ የሚጠይቀው ሥራ፣ የሚሰጠው ዕረፍትና የሚያስከትለው አደራ አለው። ይህን በዐይናችን ለማየት ከደሴ ተነስተን በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ እንውረድ።

መንገዱ እስከ ከሚሴ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የግማሽ ቀን ጉዞም አይሆንም። ነገር ግን ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ጨፋ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይገኛል። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር መንገደኛው በአንድ ጠዋት ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላ ቀመሱን አገር ያያል። ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተነሳ ሰው ታች ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ በክንዱ ይይዛል።

በደሴ ጓሮ

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ናት። በጥቢ ቅዳሜ ጠዋት ከሸዋ በርም ሆነ ከሆጤ ሰፈር ወደ አንዱ ግቢ ብንዘልቅ፣ ከቤቱ ጀርባ ካለችው ቁራሽ መሬት ላይ ቤተሰቡን ተሰብስቦ እናገኘዋለን። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩና ካሮቱ በመደብ በመደብ ተሰልፏል። ጥግ ጥጉን ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ናና አለ። ዱባው አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ተሻግሯል። ከመሐል አንድ ኮክ ቆሟል።

በዚህ ወቅት ለሁሉም እጅ ሥራ አለው። በክረምት የበቀለው ነጭ ሽንኩርት ተነቅሎና ደርቆ፣ አገዳው ተጎንጉኖ ከጣሪያ ሥር ይሰቀላል። ዱባው ከነአንገቱ ይቆረጣል፤ አንገቱ የተነቀለበት ዱባ ቶሎ ይበሰብሳልና። ድንቹ ተቆፍሮ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል፤ ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ ለጤና ጎጂ ነው። ትንንሾቹ ልጆች አረም ይለቅማሉ። ከፍ ከፍ ያሉት ይኮተኩታሉ፤ የተኮተኮተው አፈር ላይ ደረቅ ሣር ያለብሳሉ። ዝናቡ ያጠገበው አፈር እርጥበቱ ሳያመልጥ የሚከርመው በዚህ ዘዴ ነው።

ግቢው ውስጥ ያገኘናቸው አንዲት እናት ድንቹንና ቃሪያውን በጭድና በአሮጌ ጆንያ ሲያለብሱ ነበር። ፀሐዩ እንዲህ እየጠራረገ ለምን እንደሚያለብሱት ብንጠይቃቸው ሳቅ ብለው እንዲህ አሉን፦

«ልጄ፣ ክረምት ሲሄድ ብርድ ልብሳችንን ይዞት ነው የሚሄድ። ቀኑን አትየው፤ ሌሊቱን እየው።»

አባባላቸው ከሳይንሱ ጋር ይስማማል። በክረምት ሰማዩን የሚሸፍነው ደመና መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታጣ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል። በጥቢ ሰማዩ ሲጠራ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። በዚህ የተነሳ ቀኑ እጅግ ብሩህ፣ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ይሆናል። ማታ ተክሉን ማልበስ፣ እንዲሁም አፈሩን አስቀድሞ በመጠኑ ማጠጣት ከውርጭ ያድናል፤ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሥራው ይቆማል። ከኮኩ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ቡናው ይቆላል፤ የባቄላ እሸቱ በትሪ ይቀርባል። አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋሉ፤ የተቀረው «አሚን» ይላል። ማር ያለው ቤት ብርዝ ያቀርባል፤ ንቡ ከአደይ አበባ የቀሰመው ማር የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነውና። የቤተሰቡ መዝናኛ ይኸው ነው። ልጅ ሥራ የሠራበትን እጁን ታጥቦ የሠራበትን ሲበላ ማየት ለወላጅ ትንሽ ደስታ አይደለም።

በዚህ ወቅት መግሪብ እየቀደመ እንደሚመጣም ልብ ይሏል። በደሴ በመስከረም መጀመሪያና በኅዳር አጋማሽ መካከል የፀሐይ መጥለቂያ በግማሽ ሰዓት ያህል ወደፊት ይመጣል። በመስከረም «ገና ነው» እያሉ ኳስ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች በኅዳር በዚያው ሰዓት አዛን ይደርስባቸዋል። ወቅት መቀየሩን ሰዓት ከማየታቸው በፊት በሙአዚኑ ድምፅ ያውቁታል።

ቁልቁል በሐረጎ

ከደሴ ወጥተን በሐረጎ በኩል ስንወርድ መንገዱ ይጠማዘዛል። በስተግራም በስተቀኝም ባሕር ዛፍ፣ ጽድና ወይራ ይታያል። ከመንገዱ ዳር ሴቶችና ልጆች እሸትና ፍራፍሬ በሳህን ደርድረው መኪና ይጠብቃሉ። ከፍራፍሬው መካከል ዘይቱን ይገኛል።

እዚህ ላይ ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባ ነገር አለ። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ሱረቱ አት-ቲን ላይ ሲደርስ «ዘይቱን» የሚለው ቃል ይገጥመዋል፤ ወዲያውም በሳህን የሚሸጠው፣ ውስጡ ሮዝ የሆነው ጣፋጭ ፍሬ ትዝ ይለዋል። ይህ እኛ ዘይቱን የምንለው ፍሬ ግን ጥንተ መነሻው ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የሆነ ሌላ ተክል ነው። የቁርኣኑ ዘይቱን ዘይት የሚጨመቅበት ዛፍ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ ከዐይናችን ፊት ቆሟል፤ እርሱም ወይራ ነው። እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት፣ አባቶቻችን ከዉዱእ በፊት ለጥርስ መፋቂያ የሚቆርጡት ያው ወይራ ማለት ነው። «ቲን» የተባለውም ከሾላና ከዋርካ ጋር አንድ ወገን ነው። እንግዲህ ልጁ በመድረሳ የቀራውን በመንገድ ዳር ሊያየው ይችላል፤ የሚያሳየው ሰው ካገኘ።

ኮምቦልቻና የቦርከና ዳር አትክልት

ኮምቦልቻ ስንደርስ አየሩ ይለሰልሳል። ከከተማው በላይ የየጎፍ ተራራ በደኑ እንደለበሰ ይታያል፤ ከታች የቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ደሴ ላይ ጥቢ የመሰብሰቢያ ወቅት ከሆነ እዚህ ወንዝ ዳር ደግሞ እንደገና የመዝሪያ ወቅት ነው። ክረምቱ ሲያበቃ ገበሬው ቦይ ይጠርጋል፣ መደብ ያበጃል፣ የቀይ ሽንኩርትና የቲማቲም ዘር ያፈላል። የሽንኩርቱ ችግኝ ሰባት ሳምንት ገደማ በመደብ ከቆየ በኋላ ተነቅሎ ወደ ዋናው ማሳ ይዛወራል። ፓፓያው፣ ማንጎውና ሙዙ በየአጥሩ ጥግ ቆመው ጥላ ይሰጣሉ።

ውሃው ግን እንደ ዝናብ በነፃ አይመጣም። ቦዩ ይቆፈራል፤ ተራ ይጠበቃል፤ አንዳንዱ በሌሊት ፋኖስ ይዞ ውሃውን ሲመራ ያድራል፤ ፓምፕ ያለው ነዳጅ ይገዛል። ሸሪዓችን ይህን ድካም ከቁጥር አስገብቶታል። በአዝመራ ዘካ ላይ ሰማይ ያጠጣው እህል ከአሥር አንድ ሲወጣለት፣ በሰው ድካምና በወጪ የጠጣው ከሃያ አንድ ነው የሚወጣለት። ለምሳሌ 20 ኩንታል ማሽላ በዝናብ ያመረተ ሰው 2 ኩንታል ያወጣል፤ ያንኑ ያህል በቆሎ በፓምፕ አጠጥቶ ያመረተ ደግሞ 1 ኩንታል ያወጣል። ዘካው ግዴታ የሚሆነው ምርቱ አምስት ወስቅ ሲሞላ ሲሆን፣ ይህም በዘመናችን ዑለማእ ስሌት 650 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአትክልትና በፍራፍሬ ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ዝርዝሩን በአካባቢ ያሉትን ዑለማእ መጠየቅ ይገባል።

ይህን እዚህ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። የእህል ዘካ እንደ ገንዘብ ዘካ ዓመት እስኪሞላው አይጠበቅም። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም ሐቁን በሚታጨድበት ቀን እንድንሰጥ ያዘናል። ለወሎ ገበሬ ያ ቀን ባመዛኙ በጥቢ ይውላል። ድሃው ጎረቤት ክረምቱን ሙሉ ሲያልፍ ያየውን ማሳ በዚህ ወቅት ዐይኑ ይከተለዋል። ስለዚህ ጎተራው ከመዘጋቱ በፊት የእርሱ ድርሻ መለየት አለበት።

ጨፋ፦ ማሽላ፣ ወፍና ጥንቅሽ

ከኮምቦልቻ በሐርቡ በኩል አልፈን ስንወርድ ተራራው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የጨፋ ሜዳ ይዘረጋል። ቦርከና እዚህ ተንጣሎ ረግረግ ይሠራል። ክረምቱ ሲያልፍና የቆላው ሣር መድረቅ ሲጀምር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደዚህ ለምለም ሜዳ ይመጣሉ። ከሜዳው ዳርና ዳር ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል፤ ራሱ መቅላት ጀምሯል።

በየማሽላው መሐል የእንጨት ማማ ይታያል። ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ተቀምጧል፤ ሥራው ወፍ መጠበቅ ነው። ጠዋትና ወደ ማታ ወፉ በመንጋ ሲመጣ ይጮኻል፣ ያጮላል፣ ይወነጭፋል። ቀትር ላይ ወፉም ጥላ ሲፈልግ ልጁ ጥንቅሹን ይመጣል። ጥንቅሽ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ የማሽላ ዓይነት ነው። ገበሬው ከማሳው ዳር ጥቂት የሚዘራው ለገበያ ሳይሆን ለልጆቹና ለመንገደኛ ነው። ከተማ የሚኖር ዘመድ በጥቢ ሲጠይቅ ሲመለስ አንድ እስር ጥንቅሽ ሳይዝ አይሄድም።

አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬን «አባባ፣ ወፉ ብዙ ይጎዳችኋል?» ብንላቸው የመለሱልን መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም፦

«ወፏም ድርሻ አላት። ብቻ ከድርሻዋ እንዳታልፍ ብለን ልጁን ማማ ላይ አወጣነው።»

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ላይ ወፍም ሰውም እንስሳም ቢበላ ለዚያ ሰው ሶደቃ ሆኖ እንደሚመዘገብለት አስተምረዋል። ገበሬው ሐዲሱን በመጽሐፍ አልጠቀሱልንም፤ በማሽላቸው ውስጥ ግን እየኖሩት ነው። ልጁን ማማ ላይ ማውጣታቸው ለቤተሰባቸው ያለባቸው ኃላፊነት ነው፤ ወፏ በወሰደችው አለመናደዳቸው ደግሞ በአላህ ላይ ያላቸው ተወኩል ነው። ሁለቱ በአንድ ማሳ አብረው ይኖራሉ።

ጥቢ ያልደላበት ጊዜ

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ጥቢ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚመጣ እንዳይመስለው። ክረምቱ በነሐሴ ቢቋረጥ እህሉ ሳያፈራ ይቀራል፤ በኅዳር ያለ ጊዜው የሚዘንብ ዝናብ ደግሞ የታጨደውን ጤፍ ያበላሻል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወደ ወሎ ገብቶ ለአጨዳ የተቃረበውን ሰብል በላው። ልጁም አዛውንቱም ጣሳ እየደበደበ ሊያባርረው ሞከረ። በዓመቱ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀናት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ፣ ጎመኑ ጓሮ ውስጥ ለምልሞ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከተሞቹ ኅዳር ሊወጣ ሲል ሰላም ሲያገኙ የተመለሰው ቤተሰብ ጥቢውን አጥቶ ነበር።

ከእነዚያ ዓመታት የምንማረው አንድ ነገር አለ። በሙሉ ጥቢ ጎረቤቱን ያልረሳ ሰው በጎደለ ጥቢ ጎረቤት አያጣም። ዘር ያስቀመጠም ከሌላ ደጃፍ አይጠብቅም። የተመረጠ የበቆሎ ዛላ ከምድጃው በላይ ሰቅለው ጭስ እየጠገበ ከነቀዝ ተጠብቆ እንዲከርም የሚያደርጉ እናቶች ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም።

ጓሮው እየጠበበ ነው

ዛሬ ግን ሌላ ነገር ያሳስበናል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በየግቢው ጓሮው እየጠፋ ነው። ቤተሰቡ በዝቷል፤ ኑሮው ተወዷል፤ ኮኩ ተቆርጦ በቦታው የሚከራይ ክፍል ይሠራል። ብዙ ጊዜ ክፍሉ የሚሠራው ጅዳና ሪያድ፣ ዱባይና ኩዌት በሰው ቤት የሚለፉ ልጆቻችን በሚልኩት ገንዘብ ነው። ይህን ማንም አይወቅስም፤ ኪራዩ የእናትን መድኃኒትና የታናናሾችን ደብተር ይገዛል። ነገር ግን ያችው ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ስልክ ስትደውል በመጀመሪያ የምትጠይቀው ምንድን ነው? «እሸቱ ደረሰ? ዱባው ስንት ያዘ?» ነው። አገር ቤት ሰው ሲመጣ ደግሞ ቆሎ፣ በሶና የደረቀ ጦስኝ ላኩልኝ ትላለች። የግቢው የመጨረሻ መደብ ሲሚንቶ ሲለብስ እርሷ የምትናፍቀው ነገር አብሮ ይቀበራል።

ታናሽ ወንድሟስ? ጎመን ከገበያ በፌስታል እንደሚመጣ ብቻ ያውቃል። ቅዳሜውን በስልክ ላይ አቀርቅሮ ይጨርሰዋል። ውርጭ ምን እንደሆነ፣ ዘር መቼ እንደሚፈላ፣ የእህል ሐቅ ስንት እንደሆነ አይጠይቅም፤ እጁ ያልነካውን ነገር ልቡ ሊጠይቅለት አይችልምና። ዘካን በመድረሳ በቃሉ ያጠና ልጅና ከመደቡ አምስት እስር ጎመን ቆርጦ አንዱን ወደ ጎረቤት ደጃፍ ያደረሰ ልጅ ትምህርቱን እኩል አላገኙትም።

በዚህ ጥቢ ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! ሰፊ መሬት አያስፈልግም። ክፍል የምትሠሩም ብትሆኑ ከግድግዳው ሥር አንዲት ክንድ የምትሰፋ መደብ አስቀሩ። እርሷም ካልተገኘች አፈር የሞላ ጆንያ ወይም አሮጌ ባልዲ ለናና፣ ለሰላጣና ለጥቂት ጎመን ይበቃል፤ ብቻ ከታቹ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። መደቧን ለአንድ ልጅ በስሙ ስጡት፤ ውሃውንም ምርቱንም እርሱ ይወቅ። ከመጀመሪያው ፍሬ ለጎረቤት የሚሰጠውንም ራሱ ይውሰድ።

ወጣቶች ሆይ! ከጥቢ ቅዳሜዎች አንዱን ለጉዞ አውሉት። የደሴ ልጅ ወደ ጨፋ ይውረድ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ወደ ጦሳ ይውጣ። ገጠር ዘመድ ያለው ለአጨዳ ይሂድ፤ ባዶ እጁን አይሂድ፣ ተቀምጦም አይመለስ። ወደ ሽማግሌዎች ቀረብ ብሎ ይጠይቅ፤ እርሳቸው ሲያልፉ አብሯቸው የሚያልፍ ዕውቀት አለና።

በ2029 ረመዷን ዞሮ ጥቅምት ላይ ሲደርስ ዛሬ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ለአካለ መጠን ደርሶ ይጾማል። ያኔ ለኢፍጣር ከገዛ ጓሮው አንድ እፍኝ እሸት ለማቅረብ እንዲችል ዛሬ መቆፈሪያውን እናስይዘው። አላህ (ሱ.ወ.) ጥቢያችንን የጥጋብና የሰላም፣ አዝመራችንን ሐቁ የወጣለት፣ ልጆቻችንንም ምድርን የሚያለሙ ያድርግልን። አሚን።